የሐረር ጀጎል የምሽት የእግር ጉብኝት

የሐረር ጀጎል የምሽት የእግር ጉብኝት ማለት በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረሪ ክልል የምትገኘውን፣ በግንብ የታጠረችውን የሐረር አሮጌ ከተማ ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ በአስጎብኚ መሪነት በእግር እየተዘዋወሩ የመጎብኘት ልማድ ነው። ጉብኝቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወይም ከሐረር በር ይነሳል። በጠባብ መተላለፊያዎች፣ በገበያዎች፣ በመስጊዶችና በባህላዊ ቤቶች በኩል አልፎ ከግንቡ ውጭ በሚካሄደው የጅብ ምገባ ይጠናቀቃል። ከኢትዮጵያ ታሪካዊ ከተሞች መካከል ዋናው መስህብ ከመሸ በኋላ የሚታይባት ከተማ በዋነኛነት ሐረር ናት። ምክንያቱም ጅቦቹ የሚመጡት በጨለማ ነው።

ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቅርቡ የአውሮፕላን ማረፊያ በድሬዳዋ ነው።

== ታሪካዊ ዳራ ==

=== ከተማይቱና ግንቡ ===

የሐረር ሰዎች ከተማቸውን በራሳቸው ቋንቋ «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጉሙም «ከተማ» ማለት ነው። ቋንቋቸው «ጌይ ሲናን» (የከተማይቱ ቋንቋ) ሲባል፣ እንደ አማርኛ ሁሉ ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ይመደባል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ የሐረር መንግሥት መናገሻ ሆነች። በኋላም ራሷን የቻለች ኢማሬት ሆና ለረጅም ዘመን በአሚሮች ስትተዳደር ቆይታለች። በእነዚህ ዘመናት የባሕር ዳርቻውን ከመሐል አገር የምታገናኝ የንግድ ማዕከልና የእስልምና ትምህርት መዲና ነበረች።

«ጀጎል» የሚባለው ግንብ በትውፊት እ.ኤ.አ. ከ1552 ጀምሮ ከገዙት ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ግንቡ ከአካባቢው ድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የመቃብርና የዝያራ ስፍራዎች እንዳሉ የዩኔስኮ መዝገብ ያሳያል። ከመስጊዶቹ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን መሆናቸው በዚሁ መዝገብ ተጠቅሷል።

=== ሲመሽ የሚዘጉት በሮች ===

በአሚሮቹ ዘመን ምሽት ለእንግዳ የተፈቀደ ሰዓት አልነበረም። የግንቡ በሮች ጀንበር ስትጠልቅ ይዘጉና እስኪነጋ አይከፈቱም ነበር። ቀን ሊገበያዩ የመጡ የውጭ ሰዎች ከመዘጋቱ በፊት መውጣት ይጠበቅባቸው ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ከተማይቱ ገብቶ አሥር ቀን ቆይቷል። ስለዚሁ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በቀጣዩ ዓመት ታትሟል። ከዚያ ቀደም ከተማይቱን ያየ አውሮፓዊ ስለመኖሩ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ከተማይቱ በግብፅ ጦር ተይዛ ቆየች። ግብፆች ከወጡ በኋላ አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ገዙ። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 በጨለንቆ በተደረገው ጦርነት የንጉሥ ምኒልክ ጦር ድል አድርጎ ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። የመጀመሪያው ገዥ ራስ መኮንን ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የውጭ ነጋዴዎች፣ በተለይም ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች በከተማይቱ ውስጥ ሰፈሩ። ከላይ ሰገነት ያላቸው የእንጨት በረንዳ ቤቶች በዚሁ ጊዜ የበዙ ናቸው።

== የጉብኝቱ ሰዓት ==

ሐረር ወደ ምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ብዙም አይለያይም። ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ፣ ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት ብላ ነው። ድንግዝግዙም አጭር ነው። ስለዚህ አስጎብኚዎች ጉብኝቱን ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምረው ገበያዎቹንና ቤቶቹን በብርሃን ያሳያሉ። በመግሪብ አዛን ሰዓት በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ሆነው፣ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ወደ ጅብ ምገባው ያደርሳሉ። ምገባው ራሱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

በረመዳን ይህ አካሄድ ይለወጣል። ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ያለው ጊዜ ጸጥታ የሰፈነበት ሲሆን፣ ከተማይቱ የምትሞቀው ከአፍጥር በኋላ ነው። በክረምት ወራት ደግሞ ዝናብ በድንጋይ የተነጠፉትን መተላለፊያዎች ስለሚያንሸራትት እርምጃው ይዘገያል።

== የተለመደው መንገድ ==

የተወሰነና በመንግሥት የተደነገገ አንድ መንገድ የለም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አስጎብኚዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነው።

=== ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ===

ሐረር በር ከጥንታዊዎቹ አምስት በሮች አንዱ አይደለም። መኪና እንዲገባ ተብሎ በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። ከዚህ በር የሚነሳው ሰፊ ጎዳና በቀጥታ ወደ ፈረስ መጋላ ያመራል። «መጋላ» ገበያ ማለት ሲሆን፣ ስፍራው ስሙን ያገኘው ቀድሞ የፈረስ ገበያ ስለነበረ ነው። በአደባባዩ ላይ በጨለንቆ ለወደቁ የሐረር ተዋጊዎች የቆመ ሐውልት አለ። በቅርብ ርቀት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. ከ1887 በኋላ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ስፍራ ላይ የተሠራ ነው። የተሸናፊዎቹ መታሰቢያና የአሸናፊዎቹ ቤተ ክርስቲያን በአንድ አደባባይ በመሆናቸው፣ አስጎብኚዎች የከተማይቱን የ19ኛ ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚተርኩት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ቆመው ነው።

=== መኪና ግርግር ===

ከፈረስ መጋላ ወደ ከተማይቱ እምብርት የሚወርደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። «መኪና» የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ሲሆን፣ «ግርግር» ደግሞ የመኪናው ድምፅ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች በረድፍ ተቀምጠው ይሠራሉ። ጨርቅ ከአጠገባቸው ካሉ ሱቆች ተገዝቶ እዚያው ይሰፋል። ልብስ ሰፊዎቹ ሲመሽ ዕቃቸውን ስለሚሰበስቡ፣ ይህ ክፍል ከ12 ሰዓት በፊት መታየት አለበት።

=== ጊድር መጋላ ===

ጊድር መጋላ («ትልቁ ገበያ») የጀጎል መሐል ነው። ከአምስቱ በሮች የሚመጡ ዋና ዋና መንገዶች ወደዚህ ይመራሉ። ቀን ከሥጋ ተራው በላይ የሚያንዣብቡ ጭልፊቶች ከሰው እጅ ሥጋ ሲነጥቁ ይታያሉ። ሲመሽ ሥጋ ተራው ይዘጋል። ታላቁ ጀሚዕ መስጊድም ከገበያው ብዙም አይርቅም።

=== መተላለፊያዎቹ ===

በጀጎል ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በሐረሪ ቋንቋ «ኡጋ» ይባላሉ። ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ 368 ተብሎ ይጠቀሳል። ሁሉም ግማሽ ኪሎ ሜትር ካሬ በማትሞላ ስፍራ ላይ የተጠላለፉ ናቸው። የቤቶቹ የውጭ ግንቦች በኖራ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ ይቀባሉ። በበዓል ሰሞን ቀለማቸው ይታደሳል።

ከሁሉም ጠባብ ከሆኑት አንዱ «መገር ወገር ኡጋ» ሲሆን፣ «የዕርቅ መንገድ» ተብሎ ይተረጎማል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ አያልፍበትም። የተጣሉ ሰዎች በዚያ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ለመልቀቅ የግድ መነጋገር ስላለባቸው ስሙን እንዳገኘ ይነገራል። መተላለፊያዎቹ የጠበቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥላ ይሰጣሉ። ጠላት ቢገባም በብዛት እንዳይንቀሳቀስ ያግዳሉ። በአጥሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መሬትም ለቤት ያተርፋሉ።

ለማያውቅ ሰው ግን በምሽት አቅጣጫ መለየት ከባድ ነው። ብዙዎቹ መተላለፊያዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም መውጫ የላቸውም። ምሽት አስጎብኚ የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

=== የዝያራ ስፍራዎች ===

በመንገዱ ላይ ከሚታዩት መካከል የአሚር ኑር መቃብር አንዱ ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጉልላት ያለው በመሆኑ ይለያል። የከተማይቱ ጠባቂ ተደርገው የሚከበሩት የሼክ አባድር ዝያራም በግንቡ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ስፍራ በተለይ ሐሙስ ማታ ዚክር ይደረጋል። እንግዳ መግባት የሚችለው በስፍራው ኃላፊ ፈቃድ ሲሆን፣ ጫማ ማውለቅና ሥርዓት ያለው አለባበስ ግዴታ ነው።

=== የታሪካዊ ሰዎች ቤቶች ===

ሁለት ቤቶች በአብዛኛው ጉብኝት ውስጥ ይካተታሉ። አንደኛው በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ቤት ነው። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ በንግድ ሥራ ወደ ሐረር መጥቶ፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ኖሮባታል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በማርሴይ አረፈ። አሁን ሙዚየም የሆነው ባለ ፎቅ ቤት የሕንድ ነጋዴዎች አሠራር የሚታይበት ነው። ራምቦ በእርግጥ በዚህ ቤት ኖሮ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ይጠራጠራሉ። ሙዚየሙ የቀድሞዋን ሐረር ፎቶግራፎች ይዟል።

ሁለተኛው «የራስ ተፈሪ ቤት» ነው። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ተፈሪ መኮንን በ1892 እ.ኤ.አ. በሐረር አቅራቢያ በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። በኋላም የሐረር ገዥ ነበሩ። ቤቱ አሁን በግል ሰብሳቢ የተቋቋመውን የሸሪፍ ሙዚየም ይዟል። በውስጡም የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የድምፅ ቅጂዎች ይገኛሉ። ሁለቱም ቤቶች አመሻሹ ላይ ስለሚዘጉ የምሽት ጎብኚ ቀድሞ መድረስ አለበት፤ አለዚያ የሚያየው ከውጭ ብቻ ነው።

የወሎን ታሪክ ለሚያጠና ሰውም ሐረር የምታገናኘው ጉዳይ አላት። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1916 ከሥልጣን መውረዳቸው በአዲስ አበባ ሲታወጅ የነበሩት በሐረር ነበር።

== አምስቱ በሮች ==

ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ሲሆኑ፣ ከተማይቱም በስማቸው በአምስት ሰፈሮች ትከፈላለች። እያንዳንዱ በር በሐረሪኛና በአማርኛ የተለያየ ስም አለው።

* አሱም በሪ (ፈላና በር)፦ በሰሜን፤ ወደ ባሕር ዳርቻ ወደ ዘይላ የሚያወጣው የንግድ መንገድ መነሻ ነበር። ከታወቁት የጅብ ምገባ ስፍራዎች አንዱ በዚህ በኩል ነው።
* አርጎብ በሪ (ኤረር በር)፦ በምሥራቅ፤ ወደ ኤረር ሸለቆ ያመራል። ከአጠገቡ የገጠር ሰዎች ምርታቸውን የሚያቀርቡበት ገበያ አለ።
* ሱቁጣጥ በሪ (ሳንጋ በር)፦ በደቡብ ምሥራቅ፤ በዚህ አካባቢም ጅቦች ይመገባሉ።
* በድሮ በሪ (ቡዳ በር)፦ በደቡብ።
* አስማዲን በሪ (ሸዋ በር)፦ በምዕራብ፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ መውጫ ነው። ከውጭው ትልቅ ገበያ አለ።

በሮቹ ዛሬ አይዘጉም። በግንቡ ግርጌ ግን ከበሮቹ ሌላ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በሐረሪኛ «ወራባ ኑዱል» ማለትም «የጅብ ቀዳዳ» ይባላሉ። የዝናብ ውሃ ይወጣባቸዋል፤ ሌሊት ደግሞ ጅቦች ይገቡባቸዋል። ስለዚህ ለሰው በተዘጋበት ዘመን እንኳ ከተማይቱ ለጅብ ክፍት ነበረች ማለት ነው።

== የሐረሪ ቤት ==

በጉብኝቱ መካከል ብዙውን ጊዜ አንድ ባህላዊ ቤት ይጎበኛል። ቤቱ በሐረሪኛ «ጌይ ጋር» («የከተማ ቤት») ሲባል፣ አንዳንዶቹ እንግዳ ማሳደሪያም ሆነዋል። ከመንገድ የሚታየው ግንብና በር ብቻ ነው። በሩ ወደ ግቢ ያስገባል፤ ግቢው ውስጥ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል።

የዋናው ክፍል መለያ «ነደባ» የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ናቸው። አምስት ሲሆኑ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ልማዱ ይወስናል። «አሚር ነደባ» የቤቱ ባለቤት ወይም የክብር እንግዳ መቀመጫ ሆኖ ከዚያ የሚቀመጠው ሰው የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል። ሌሎቹ ለሽማግሌዎች፣ ለወጣቶችና ለሴቶች የተለዩ ናቸው። መደቦቹና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀለሙ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚል ትውፊት አለ።

ግድግዳው ላይ የሐረር ሴቶች የሚሠሯቸው የስፌት ዕቃዎች፣ የእንጨት ገበታዎችና ሳህኖች ይሰቀላሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተቀመጠ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለች ያመለክታል። በስተጎን ያለችው «ኪርታት» የምትባል ትንሽ ክፍል ደግሞ አዲስ ሙሽሮች የሚቆዩባት ናት።

የሰው መኖሪያ በመሆኑ ቤቱን ለማየት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለእንግዳ ክፍት በሆኑት ቤቶች ክፍያ ይጠየቃል፤ ቡና የሚፈላላቸው እንግዶችም አሉ።

== የጅብ ምገባ ==

=== አጀማመሩ ===

በሐረርና በጅቦች መካከል ስላለው ግንኙነት የሚነገረው ትውፊት ከረሃብ ጋር የተያያዘ ነው። በድርቅ ዘመን የተራቡ ጅቦች ሰው ይበሉ ስለነበር፣ የከተማይቱ ወልዮች በሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ለጅቦቹ ገንፎ እየሰጡ በሰላም ለመኖር ወሰኑ ይባላል። ይህን በማስታወስ በሙሐረም ወር 10ኛ ቀን በሚውለው በዐሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ በተወሰኑ ስፍራዎች ለጅቦች ይቀርባል። ጅቦቹ ገንፎውን ከበሉ መጪው ዓመት የደህና፣ ሳይነኩት ከሄዱ የችግር ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ዐሹራ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይመጣል።

በየምሽቱ የሚደረገው የሥጋ ምገባ ግን ከዚህ የተለየና ከዐሹራው በጣም የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ተጀምሮ፣ ቀስ በቀስ ለጎብኚ የሚታይ ትርዒት ሆኗል። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው።

=== አካሄዱ ===

መጋቢው በቅርጫት የሥጋ ትርፍራፊ ይዞ በተለመደው ስፍራ ይቀመጣል። ጅቦቹን በድምፅ ይጠራቸዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም ስም አውጥቶላቸዋል። መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ሁኔታው ሲረጋጋ ደግሞ ሌሎች ይቀርባሉ። መጋቢው ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ሰክቶ በእጁ ያጎርሳቸዋል። አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ይዞ ይመግባል። ከዚያ ፈቃደኛ ጎብኚዎች ተራ በተራ አጠገቡ ተንበርክከው ይሞክራሉ። ብርሃኑ ብዙ ጊዜ ጎብኚዎቹ ከመጡበት ባጃጅ ወይም መኪና መብራት የሚገኝ ነው። የጅቦቹ ዓይን በዚህ ብርሃን የሚያበራው ከዓይናቸው በስተኋላ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለ ነው።

=== ስለ እንስሳው ===

በሐረር የሚታየው ጅብ ነጠብጣቡ ጅብ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ መንጋውንም የምትመራው ሴት ናት። ስለዚህ በምገባው ቅድሚያ የምታገኘው ትልቋ ጅብ ብዙ ጊዜ እንስት ናት። የመንጋጋው ጉልበት አጥንት ይሰብራል፤ ጨጓራውም አጥንቱን ይፈጫል። ኩሱ የሚነጣው በዚሁ በአጥንት ካልሲየም ምክንያት ነው።

ጅቦቹ የለመዱ እንጂ የተገሩ አይደሉም። ቀን ከከተማይቱ ውጭ ባሉ ጉድጓዶችና ጥሻዎች ያሳልፋሉ። የምገባው ሥጋም ለሆዳቸው በቂ አይደለም። ከምገባው በኋላ በቀዳዳዎቹና በበሮቹ ገብተው በመተላለፊያዎቹ ውስጥ የተጣለውን ትርፍራፊና አጥንት ይለቅማሉ። ከተማይቱ ይህን የጽዳት ሥራ ለዘመናት ስትጠቀምበት ኖራለች። አንትሮፖሎጂስቱ ማርከስ ቤይንስ ሮክ በሐረር ጅቦች ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 በመጽሐፍ አሳትሟል። የጥናቱ ዋና ጉዳይ ሰውና ጅብ በአንድ ከተማ እንዴት ተቻችለው እንደሚኖሩ ነበር።

=== እምነቱ ===

በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች ጅብ ከቡዳ ጋር እየተያያዘ ይፈራል። በሐረር ግን ብዙዎች ጅብን የሚያዩት ክፉ መንፈስን ከከተማ የሚያስወጣ አድርገው ነው። ጅብ ጂን ይበላል የሚለው አባባል እዚያ የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት በምሽት መተላለፊያ ላይ ጅብ ያጋጠመው ነዋሪ ድንጋይ አያነሳም። ቆም ብሎ ያሳልፈዋል።

== አስጎብኚዎች ==

በሐረር የሚሠሩ አስጎብኚዎች ፈቃድና መታወቂያ ያላቸው መሆን አለባቸው። ብዙዎቹ በጀጎል ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ፣ ሐረሪኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ቢያንስ አንድ የውጭ ቋንቋ ይናገራሉ። ሥራቸው መንገድ ማሳየት ብቻ አይደለም። የቤት ባለቤት ያስፈቅዳሉ፣ ከመጋቢው ጋር ይነጋገራሉ፣ ፎቶ መነሳት የማይፈልግ ነጋዴ ሲያጋጥም ይዳኛሉ።

ከጉብኝቱ በፊት መስማማት የሚያስፈልጋቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

* ክፍያው ለሰው ነው ወይስ ለቡድን፤
* የጅብ መጋቢው፣ የሙዚየሙና የባህላዊ ቤቱ ክፍያ ተካቷል ወይስ ለብቻ ነው፤
* ከምገባው ወደ ማረፊያ የሚመልስ ባጃጅ አለ ወይ፤
* ጉብኝቱ ስንት ሰዓት ያልቃል።

== ጥንቃቄና ሥነ ሥርዓት ==

* በምገባው ስፍራ መሮጥ፣ መጮህና በድንገት መነሳት አይገባም። ሥጋ ከመጋቢው እጅ ካልተሰጠ በስተቀር መያዝም አደገኛ ነው። ሕፃናት በቅርብ መያዝ አለባቸው።
* ጅብም ሆነ ውሻ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ ስለሌለው ክትባቱ መወሰድ ያለበት ከዚያ በፊት ነው።
* በሶላት ሰዓት በመስጊድ በር ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ሰውን ለማንሳት፣ በተለይ ሴቶችን፣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።
* ማታ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ ለድንጋዩ መንገድም የማያንሸራትት ጫማ ይጠቅማል። የእጅ ባትሪ ወደ መሬት እንጂ ወደ ሰው መስኮት አይበራም።

== በዓላትና ምሽቶች ==

ከተማይቱ ማታ በጣም የምትደምቀው በሹዋሊድ ነው። ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ማብቂያ በዓል ሲሆን፣ ሰዉ በዝያራ ስፍራዎች ተሰብስቦ ዚክር ያደርጋል፣ ከበሮ ይመታል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያ ያጋጫል። ዋናው ክንውን ሌሊቱን የሚዘልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ሹዋሊድን በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። በሹዋሊድ ሰሞን የተለመደው የጉብኝት መንገድ በሕዝብ ስለሚሞላ ጎብኚው ከበዓሉ ጋር ይንቀሳቀሳል።

== ፋይዳና ተግዳሮቶች ==

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ለ2002–2003 ሐረርን «የሰላም ከተማ» ብሎ ሸልሟታል። የተለያየ እምነትና ብሔር ያላቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩባት መሆኗ ለሽልማቱ ምክንያት ነበር። የምሽት ጉብኝቱ ለአስጎብኚዎች፣ ለመጋቢዎች፣ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ለእንግዳ ማሳደሪያ ባለቤቶችና ስፌት ለሚሸጡ ሴቶች ገቢ ያስገኛል። ምሽት መስህብ መሆኑ ጎብኚው በከተማይቱ እንዲያድር ስለሚያደርግ፣ ቀን ብቻ ከሚጎበኝ ቦታ ይልቅ የነዋሪው ጥቅም ሰፋ ያለ ነው።

በሌላ በኩል የጉብኝቱ መሠረት የሆኑት ነገሮች በቀላሉ የሚጎዱ ናቸው። ጀጎል ሙዚየም ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። ቤተሰብ ሲሰፋ ቤት ይከፋፈላል፤ ድንጋዩና ጭቃው በብሎኬትና በቆርቆሮ ይተካል፤ ነደባው ይነሳል። አሮጌውን ቤት በጥንታዊው መንገድ ማደስ ከአዲሱ ግንባታ የበለጠ ልዩ ባለሙያ ይጠይቃል።

የጅቦቹ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለው ገላጣና ጥሻ በግንባታ ሲያዝ የሚያድሩበትና የሚወልዱበት ስፍራ ይጠባል። ቆሻሻ በዘመናዊ መንገድ ሲወገድ ደግሞ ለሰው ጤና ጥሩ ቢሆንም ለጅቦቹ የሚቀረው ምግብ ይቀንሳል። ምገባው ብቻውን መንጋውን አያኖርም። የተራበ ጅብ ወደ በግና ፍየል፣ ከዚያም ወደ ሰው ሊዞር ስለሚችል፣ ለዘመናት የቆየው መቻቻል የሚጸናው ከከተማይቱ ውጭ ያለው መሬትም አብሮ ሲታሰብበት ነው። ትውፊቱ የሚናገረው የገንፎ ውል በረሃብ ዘመን መጀመሩም ከዚህ ጋር ይስማማል።

== ከሌሎች ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ==

በኢትዮጵያ ሌሎቹ ታዋቂ ታሪካዊ ከተሞች በዋናነት በቀን የሚጎበኙ ናቸው። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበው የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና በ1979 የተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ አመሻሹ ላይ ለጎብኚ ይዘጋሉ። የጎንደር ምሽት የአዝማሪ ቤት ምሽት ነው። በደሴ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽም በቀን የሚታይ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ከመካነ ሰላም አካባቢ የሚነሳው የቦረና ሳይንት ተራራማ ጉዞም እንዲሁ በብርሃን የሚደረግ ነው። በእነዚያ ደጋ አካባቢዎች የጅብ ድምፅ ሲሰማ ከብት ወደ በረት ይገባል፤ በር ይዘጋል። በሐረር ያው ድምፅ ጎብኚዎች የሚሰበሰቡበት ምልክት ነው።

በውጭ አገር የምሽት የእግር ጉብኝት የተለመደ ነው። በጀርመን በግንብ በታጠረችው በሮተንቡርግ እንደ ጥንት የሌሊት ዘበኛ የለበሰ አስጎብኚ ይመራል። በስኮትላንድ ኤድንብራ የመናፍስት ተረት እየተነገረ ይዞራል። በዛንዚባር የድንጋይ ከተማ ደግሞ የምሽቱ መዳረሻ በባሕር ዳር ያለው የምግብ ገበያ ነው። ሐረር ከእነዚህ የምትለየው የምሽቱን ትርዒት የሚያቀርቡት ሰዎች ብቻ ባለመሆናቸው ነው። የዱር እንስሳቱ የሚመጡት በራሳቸው ፈቃድ ሲሆን፣ የማይመጡበትም ምሽት ሊኖር ይችላል።

== ደግሞ ይዩ ==

* ሐረር
* ጀጎል
* ጌይ ሲናን
* አሚር ኑር
* ነጠብጣቡ ጅብ
* ሹዋሊድ
* የኢትዮጵያ የዓለም ቅርሶች